ግፊቱ ለብቻ፣ ኮሌስትሮሉ ለብቻ? የልብ ደም ስር ግን እንዲህ አይቆጥርም

ጥቅምት አካባቢ ነው። ከአጎቴ ጋር ከጊዮርጊስ ወረድ ብለን ጣና ዳር ዳሩን በእግራችን እየሄድን ሚዛንና የግፊት መለኪያ ዘርግቶ የተቀመጠ ልጅ አገኘን፣ አጎቴ ደግሞ መለካት የሚባል ነገር ካየ አያልፍም፣ ሚዛንም ይሁን ግፊትም ይሁን፣ በርጩማዋ ላይ ቁጭ አለ። ልጁ ጃኬቱን እንኳን ሳያስወልቀው መለኪያውን ከላይ ጠቀለለበት። አጎቴ በዚህ መሃል ዝም አይልም፣ ልጁ የየት ሀገር ልጅ እንደሆነ ይጠይቃል፣ አዴት ነኝ ሲለው ደግሞ እነ እከሌን ታውቃለህ ወይ ይላል፣ ማሽኑ እየተነፋ ቆይቶ ቆይቶ 148 በ92 አወጣ።

"ጋሼ ትንሽ ከፍ ብሏል፣ ጨው ቀነስ ያድርጉ" አለው ልጁ።

አጎቴ ብሩን ሰጥቶ ተነሳና ወደኔ ዞሮ "ትንሽ ነው አለ" አለኝ፣ ደስ ብሎት።

እኔን ያሳሰበኝ ይቺ "ትንሽ" የምትባለዋ ቃል ናት። ምክንያቱም ከዛ በፊት ሌላ ቦታ የደም ምርመራ አድርጎ ጠቅላላ ኮሌስትሮሉ 231፣ መጥፎው የሚባለው ኤልዲኤል ደግሞ 152 ሆኖ ያኔም "ትንሽ ከፍ ብሏል፣ ቅባት ይቀንሱ" ተብሎ ነው ወደ ቤቱ የመጣው። ግፊቱን የለካው ልጅ የኮሌስትሮሉን ወረቀት አላየም፣ ኮሌስትሮሉን ያነበበለት ሰው ግፊቱን አልለካም፣ ወረቀቱም እቤት ቴሌቪዥኑ ስር ከመብራት ደረሰኝ ጋር ተቀምጧል። ሰውየው ሁለት "ትንሽ" ይዞ ጤነኛ ነኝ ብሎ እየዞረ ነው ማለት ነው።

እኔ ፋርማሲ ውስጥ ነው የምሰራው፣ እዚሁ ባህር ዳር። እንደ አጎቴ አይነት ሰው በቀን ስንት እንደማይ አትጠይቁኝ። አንዱ የግፊት ታማሚ ነኝ ይላል፣ አንዱ ኮሌስትሮል አለብኝ ይላል፣ ሁለቱም ያለበት ሰው ራሱ እንደ ሁለት የተለያየ በሽታ ነው የሚያወራቸው፣ የአንዱን መድሃኒት ገዝቶ የሌላውን "እሱን እንኳ በምግብ እቆጣጠረዋለሁ" ብሎ ይሄዳል። ልብን የሚመግቡት ደም ስሮች ላይ ግን ሁለቱ የሚሰሩት አንድ ስራ ነው፣ አንዱ እቃውን ያቀርባል ሌላው በሩን ይከፍታል።

መጀመሪያ አንድ የተሳሳተ ስዕል እናንሳ። ብዙ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ያለው የቧንቧ ስዕል ነው፣ ጮማ ተበላ፣ ስቡ ደም ውስጥ ገባ፣ የደም ስሩ ውስጥ እንደ እቃ ማጠቢያ ቱቦ ቅባት ተለጠፈ፣ አንድ ቀን ተደፈነ። ለኛ ለባህር ዳር ሰዎች ደግሞ እንቦጭ አለልን፣ ውሃው ላይ ተንሳፍፎ ጀልባ የሚከለክለው፣ ኮሌስትሮል ሲባል ሰው እሱን ነው በአይኑ የሚያየው። ግን እንደዛ አይደለም። ቅባቱ የሚሄደው ግድግዳው ላይ ሳይሆን ግድግዳው ውስጥ ነው። ሀይቁ ዳር ቤት ያለው ሰው ይሄ ቶሎ ይገባዋል፣ ክረምት ላይ ግድግዳው ከታች እርጥበት ይስባል፣ ልስኑ መጀመሪያ ምንም አይልም ቀለሙም ያው ነው፣ ቀስ እያለ ከውስጥ ያብጣል፣ ከዛ አንድ ቀን ወንበር ነካ ሲያደርገው ዱብ ይላል። የልብ ደም ስርም የሚታመመው በዚህ አይነት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው የሚሆነው። ደም ቅዳ የምንለው ቧንቧ (ከልብ ደም ይዞ የሚወጣው ማለቴ ነው) ውስጠኛው ገጹ የአንድ ሴል ውፍረት ብቻ ባላት ስስ ሽፋን የተለበጠ ነው። ኤልዲኤል ኮሌስትሮል ተሸክሞ በደም ውስጥ የሚዞር በጣም ትንሽ ጭነት ማለት ነው፣ ብዛቱ ከፍ ሲል በዛች ሽፋን አልፎ ከስሯ ይገባል፣ እዛ ሲደርስ ይያዛል፣ ተይዞ ይበላሻል። ሰውነት የተበላሸ ነገር ሲያይ ነጭ የደም ሴሎችን ይልካል፣ እነሱም ሊያጸዱ ገብተው ስቡን ይውጣሉ ይውጣሉ፣ በመጨረሻ ራሳቸው በስብ ተሞልተው መውጣት ያቅታቸዋል። በማይክሮስኮፕ ሲታዩ አረፋ ስለሚመስሉ አረፋ ሴል ነው የሚባሉት። እነሱ ሲሞቱ ለስላሳ የስብ ክምር ይተዋሉ፣ ሰውነት ደግሞ ክምሩን በጠባሳ ይሸፍነዋል። ኮሌስትሮል ይሄን እንደሚያመጣ የታየው አሁን አይደለም፣ ኒኮላይ አኒችኮቭ የሚባል ሩሲያዊ ጥንቸሎችን ኮሌስትሮል እያበላ ደም ስራቸው ሲታመም ያሳየው በ1913 ነው (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፋቸው)።

እስከዚህ ድረስ ግፊት የለም፣ ኮሌስትሮል ብቻ። አሁን ጥያቄው ይመጣል። ደሙ አንድ ነው አይደል? በክንዳችን ደም ቅዳ ውስጥ የሚሄደው ኮሌስትሮል ዞሮ በደም መልሱ (ደሙን ወደ ልብ በሚመልሰው ቧንቧ) ውስጥም ይሄዳል፣ ያው ቁጥር፣ ያው 152። ታዲያ ለምንድነው ይሄ በሽታ ደም ቅዳ ላይ ብቻ የሚወጣው፣ ደም መልስ ላይ የሌለው? ወደ ሳንባ የሚሄደው ትልቁ ቧንቧ ራሱ ደም ቅዳ ሆኖ ሳለ እሱ ላይ ብዙም አይታይም፣ እዛ ውስጥ ያለው ግፊት 25 በ10 ገደማ ስለሆነ ነው። የሳንባ ግፊት የሚባለው በሽታ ያለበት ሰው ላይ ግን እዛም ይወጣል። የልብ ደም ስሩ ተዘግቶበት ቀዶ ጥገና የተደረገለትን ሰው ደግሞ እዩ፣ ከእግሩ ደም መልስ ተቆርጦ ልቡ ላይ ይቀጠልለታል፣ ያ ደም መልስ እግር ላይ ስልሳ ዓመት ቢቀመጥ ይሄ በሽታ አይዘውም ነበር፣ ልብ ላይ ገብቶ የደም ቅዳ ግፊት ሲያርፍበት ግን በዓመታት ውስጥ ያው በሽታ ይይዘዋል። ደሙም ያው ነው ሰውየውም ያው ነው፣ የተቀየረው ግፊቱ ነው። ለእኔ ከየትኛውም የጥናት ቁጥር በላይ ያሳመነኝ ይሄ ነው።

ግፊት እዚህ ውስጥ የሚሰራው ብዙ ነገር ነው። ልብ በቀን ወደ መቶ ሺ ጊዜ ይመታል፣ እያንዳንዱ ምት ግድግዳውን ይለጥጠዋል፣ ልጥጡ ሲበዛ ያቺ የአንድ ሴል ሽፋን ትጎዳለች፣ ከስሯ የሚገባው ኤልዲኤል ይጨምራል። ጤነኛ ሽፋን ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚባል ጋዝ እያወጣ ደም ስሩን ዘና ያደርገዋል፣ ሽፋኗ ስትጎዳ ያ ይቀንሳል። ግፊትን ከሚያስነሱት ነገሮች አንዱ የሆነው አንጂዮቴንሲን ደግሞ ራሱ የደም ስሩን ግድግዳ ያስቆጣል፣ ኤልዲኤሉ ቶሎ እንዲበላሽ ያደርጋል። ኮሌስትሮሉም በተራው ዝም ብሎ አይቀመጥም፣ እሱም ያቺን ሽፋን ስለሚጎዳ ደም ስሩ መዝናናት ያቅተዋል፣ ይጠነክራል፣ የጠነከረ ደም ስር ደግሞ ግፊቱን ከፍ ያደርገዋል። እየተቀባበሉ ነው የሚሰሩት። በሽታው በሁሉም ቦታ እኩል እንደማይወጣ ልብ በሉ፣ ደም ስሩ ቅርንጫፍ የሚያወጣበት፣ ደሙ አቅጣጫ የሚቀይርበትና የሚሽከረከርበት ቦታ ላይ ነው የሚበዛው። የልብ ደም ስር ሲጀምር ስፋቱ ሦስት አራት ሚሊ ሜትር ነው፣ ከስክሪፕቶ ቀፎ የቀጠነ፣ ቅርንጫፉ ደግሞ ብዙ።

ከዛ በኋላ ያለው ነው የሚያታልለው። ግድግዳው ሲያብጥ መጀመሪያ ወደ ውጪ ነው የሚሰፋው፣ ደሙ የሚያልፍበት መንገድ ለረጅም ጊዜ አይጠብም፣ ስለዚህ ሰውየው ምንም አይሰማውም፣ ዳገት ይወጣል፣ ሰርግ ላይ እስክስታ ይወርዳል። ደረት የሚያምመው በአብዛኛው መንገዱ ከመቶ ሰባ አካባቢ ሲጠብ ነው፣ ያውም ስራ ሲበዛበት። ሃርት አታክ የምንለው ግን የግድ በጣም የጠበበው ቦታ ላይ አይደለም የሚመጣው፣ ብዙ ጊዜ ግማሽ እንኳ ያልሞላ እብጠት ላይ ያለው ጠባሳ ይሰነጠቅና ከውስጥ ያለው ስብ ከደም ጋር ሲገናኝ ደሙ በደቂቃዎች ውስጥ እዛው ይረጋል። ልክ እንደ ልስኑ ነው፣ ወንበሩ ነካ ሲያደርገው። ስስ ጠባሳ ላይ በየምቱ የሚያርፈው ግፊት ከፍ ያለ ከሆነ ደግሞ ለመሰንጠቅ ይቀርባል። ስቡን ያጠራቀመው ኮሌስትሮሉ ነው፣ ግፊቱ ደግሞ ሲያስገባም ነበረበት ሲሰነጥቅም አለበት።

ሌላም አለ። ግፊት ያለበት ሰው ልቡ በየቀኑ ከባድ ነገር እንደሚገፋ ሰው ነው፣ ጡንቻው ይወፍራል። ጡንቻ ሲወፍር ደግሞ ብዙ ደም ይፈልጋል። ደም የሚያመጣለት ቧንቧ ግን በኮሌስትሮሉ እየጠበበ ነው። ልብ ራሱን የሚመግበው በአብዛኛው በሁለት ምት መሃል ዘና ሲል ነው፣ የወፈረ ልብ ደግሞ ዘና ማለት ይከብደዋል። ፍላጎቱ እየጨመረ አቅርቦቱ እየቀነሰ፣ እኛ ሀገር ገበያው ላይ የምናየውን ነገር ነው የሚመስለው።

አጎቴ ላይ የሆነው ይሄ ነው። ኅዳር ላይ እንግዳ ይዞ ቤዛዊት ወጣ፣ ቤተመንግስቱን ከላይ ሆኖ ዓባይን ሊያሳያቸው፣ ዳገቱ መሃል ላይ ደረቴን ጨመደደኝ ብሎ ቆመ። ትንሽ ሲያርፍ ለቀቀው። ሲነሳ እንደገና መጣ፣ ሲቆም ለቀቀው። "ጨጓራዬ ነው፣ ጠዋት ቃሪያ በልቼ ነበር" አለ። የሄደበት አንድ ክሊኒክም ጨጓራ ነው ብሎ ኦሜፕራዞል ሰጥቶ ላከው፣ የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ እንኳ ሳያነሱለት ማለት ነው፣ ይሄን ሳስበው እስካሁን ያናድደኛል። እኔ የሰማሁት ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው፣ እሱም መድሃኒቱ ሲያልቅበት እኔ ጋ ሊገዛ መጥቶ። እባካችሁ ስሄድ የሚመጣ ስቆም የሚለቅ የደረት ህመም ጨጓራ አይደለም፣ ጨጓራ ዳገትና ሜዳ አይለይም።

አሁን ወደ ቁጥሮቹ ልሂድ፣ አላበዛባችሁም። ፍራሚንግሃም የምትባል የአሜሪካ ትንሽ ከተማ ላይ በ1948 የተጀመረ ጥናት አለ፣ 5209 ሰዎችን ይዞ ዓመታት የተከታተለ፣ ኮሌስትሮልና ግፊት የልብ በሽታን ቀድመው እንደሚናገሩ በደንብ የታወቀው ከሱ ነው። ከዛ በኋላ እዛው አሜሪካ ከ316 ሺ በላይ ወንዶችን የተከታተለ ሌላ ጥናት በ1992 ሲወጣ፣ ኮሌስትሮላቸውም ግፊታቸውም ከፍተኛው ምድብ ላይ ሆኖ ሲጋራ የሚያጨሱት ሁለቱም ዝቅተኛ ሆኖ ከማያጨሱት ጋር ሲነጻጸሩ በልብ ደም ስር በሽታ የመሞት እድላቸው ወደ ሃያ እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ሃያ እጥፍ በመደመር አይመጣም፣ በመባዛት ነው የሚመጣው።

በተቃራኒው ደግሞ በ2019 የወጣ አንድ ጥናት አለ፣ እንግሊዝ ውስጥ ከ438 ሺ በላይ ሰዎችን ጂን አይቶ፣ በተፈጥሮ ኤልዲኤላቸውም የላይኛው ግፊታቸውም ዝቅ ብሎ የተወለዱትን ያነጻጸረ። ኤልዲኤል በ39 ገደማ፣ ግፊት ደግሞ በ10 ብቻ ዝቅ ብሎ እድሜ ልክ ከቆየ የልብ ደም ስር አደጋው በ78 ከመቶ ያነሰ ነው። አስር የግፊት ቁጥር ማለት እኮ አጎቴ ሲለካ ከልጁ ጋር ባያወራ ኖሮ የምትቀንሰው አይነት ነች (እያወሩ መለካት ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል)። ትልቁ ነገር ዘመኑ ነው፣ ትንሽ ልዩነት አርባ ሃምሳ ዓመት ሲባዛ።

መድሃኒት ላይም ያው ነው የታየው። በ2003 በወጣው ጥናት ግፊት ኖሮባቸው ኮሌስትሮላቸው ግን ያን ያህል ያልሆነ 10 ሺ ገደማ ሰዎች በየቀኑ 10 ሚሊግራም አቶርቫስታቲን (ስታቲን ከሚባሉት ኮሌስትሮል የሚቀንሱ መድሃኒቶች አንዱ ነው) ወይ ባዶ ኪኒን ተሰጣቸው፣ መድሃኒቱን የወሰዱት ላይ ሃርት አታክ በ36 ከመቶ ስለቀነሰ ጥናቱ ከታሰበው ጊዜ ቀድሞ እንዲቆም ተደረገ። አስቡት፣ ኮሌስትሮል በሽተኛ ያልተባሉ ሰዎች ናቸው፣ የግፊት በሽተኞች እንጂ። በ2016 ደግሞ 21 ሀገር ላይ 12,705 ሰዎች ላይ በተደረገ ጥናት የግፊቱም የኮሌስትሮሉም መድሃኒት አብሮ ሲሰጥ ሃርት አታክ፣ ስትሮክና በዚህ የተነሳ የሚመጣ ሞት ባዶ ኪኒን ከወሰዱት 5 ከመቶ ላይ ሲደርስ ሁለቱን አብረው ከወሰዱት ላይ ግን 3.6 ከመቶ ነው። እውነቱን ለመናገር እዛ ጥናት ላይ የግፊት መድሃኒቱ ለብቻው የጠቀመው መነሻ ግፊታቸው ከፍ ያለውን ብቻ ነው፣ ስለዚህ ግፊቱ ኖርማል የሆነ ሰው ዝም ብሎ ይዋጥ ማለት አይደለም።

ይሄ ሁሉ የፈረንጅ ወሬ ነው የሚል አይጠፋም። እኛ ሀገር ደም ብዛት ሲባል ሰው ትዝ የሚለው ስትሮክ ነው፣ "እከሌ ደም ብዛቱ ተነስቶ ግማሽ ጎኑን ጣለው" ነው የሚባለው እንጂ "ልቡን ያዘው" ብዙም አይባልም ነበር። ለዚህ ምክንያት አለው። ኮሌስትሮል ዝቅ ባለበት ህዝብ ላይ ግፊት ብቻውን ሲመጣ የሚያጠቃው ይበልጥ ጭንቅላትን ነው፣ የድሮዎቹ ጃፓኖች እንደዛ ነበሩ፣ ጨው ይበላሉ፣ ግፊት ይይዛቸዋል፣ በስትሮክ ይሞታሉ፣ በልብ ደም ስር በሽታ ግን እምብዛም፣ ምክንያቱም በሩ ቢከፈትም የሚገባ እቃ የለም። የኛም ገበሬ ጎመንና ሽሮ እየበላ፣ ግማሽ ዓመቱን ጾሞ፣ ሞፈር ተሸክሞ ሲውል የሚገባ እቃ አልነበረውም። አሁን እቃው እየመጣ ነው።

ባህር ዳር እኮ የብስክሌት ከተማ ነበረች። ተማሪው በብስክሌት፣ የፋብሪካ ሰራተኛው በብስክሌት፣ ዶክተሩ በብስክሌት፣ ያ ዘንባባ ስር ያለው መንገድ በብስክሌት ይሞላ ነበር። አሁን ለሁለት ፌርማታ ባጃጅ ነው። ዘይቱ ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው፣ የኑግ ዘይት አብዛኛው ለልብ ጥሩ የሚባለው አይነት ስብ ነው፣ የሚረጋው ፓልም ግን ግማሹ ገደማ ኤልዲኤልን ከፍ የሚያደርገው ስብ ነው፣ ቅቤ ደግሞ ከግማሽም ይበልጣል። ሰው በዋጋ ነው የሚገዛው፣ ለዚህ ማንንም አልወቅስም፣ ግን ጧት ቦምቦሊኖ፣ ቀን ጥብስ፣ ማታ በዛው ደጋግሞ በጋለ ዘይት የተጠበሰ ቀረሶ እየበሉ "ዓሣ ለልብ ጥሩ ነው" ማለት ራስን መሸወድ ነው። ዓሣው ጥሩ ነው፣ ጎመኑም ጥሩ ነው፣ የተነከረበት ዘይት ነው ነገሩ። (ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለሌላ ቀን እናቆየው፣ ፋርማሲ ውስጥ ሰው ያጣላል።) ጾሙ ራሱ በኤልዲኤል በኩል ጥሩ ነው፣ ችግሩ ፋሲካ ላይ ነው፣ ሃምሳ አምስት ቀን የተቀነሰውን በአንድ ሳምንት ለመመለስ የሚታገል ሰው አለ።

ጨው ላይ እ.ኤ.አ. በ2015 የተደረገው ሀገር አቀፍ ዳሰሳ አንድ አዋቂ በቀን 8 ግራም ገደማ እንደሚበላ ነው ያገኘው፣ የዓለም ጤና ድርጅት የሚለው ደግሞ ከ5 በታች ነው። በዛው ዳሰሳ ግፊት ያለበት ሰው ወደ 16 ከመቶ ነበር፣ ከስድስት አዋቂ አንድ ማለት ይቻላል። አጎቴ ቡና በጨው ነው የሚጠጣው፣ እንደ ሀገር ቤት። ቡና ላይ አንድ ነገር ልበል፣ በወረቀት ሳይጣራ የሚፈላ ቡና ውስጥ ካፌስቶል የሚባል ቅባት አለ፣ ብዙ ሲጠጣ ኤልዲኤልን ከፍ ያደርጋል፣ የስካንዲኔቪያ ሰዎች ላይ በደንብ የታየ ነገር ነው፣ የኛም ጀበና ያፈላል እንጂ በወረቀት አያጣራም። የዘጌን ቡና ተዉ እያልኩ አይደለም፣ እኔም አልተውም፣ ኤልዲኤሉ ከፍ ያለበትና በቀን ስምንት ዘጠኝ ሲኒ የሚያስቀዳ ሰው ግን ሦስቱን ቢተው አይከፋም።

መለካት ላይ ልመለስ፣ ምክንያቱም ያ 148 ራሱ ጥሬ ቁጥር ነው። በልብስ ላይ መለካት ያሳስታል፣ እያወሩ መለካት አስር ገደማ ሊጨምር ይችላል፣ ክንድ ተንጠልጥሎ ከሆነም እንደዛው፣ ሽንት ወጥሮ ከሆነም፣ ቡና ከጠጡ ግማሽ ሰዓት ካልሞላም። አምስት ደቂቃ ዝም ብሎ ጀርባን አስደግፎ፣ እግር ሳያነባብሩ፣ ክንድ ጠረጴዛ ላይ በልብ ከፍታ፣ ሁለቴ፣ በተለያየ ቀን። 140 በ90ና ከዛ በላይ ከቀጠለ ግፊት ነው። የልጁን በርጩማ ግን አትናቁ፣ አጎቴን መጀመሪያ የያዘው እሱ ነው፣ የጎደለው "ኮሌስትሮልዎን ተመርምረው ያውቃሉ?" የምትለዋ አንድ ጥያቄ ናት። ላብራቶሪው በሌለበት ቦታ እንኳ የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው ሰንጠረዥ አለ፣ እድሜ፣ ጾታ፣ ሲጋራ፣ ግፊትና ክብደትን ይዞ የሚቀጥለውን አስር ዓመት አደጋ የሚገምት፣ ከኮሌስትሮል ጋርም ያለ ኮሌስትሮልም የሚሰራ። ጠይቁ። ግፊት አለብህ የተባለ ሰው ኮሌስትሮልና ስኳር ሳይታይ መድሃኒት ብቻ ይዞ ከወጣ ግማሽ ምርመራ ነው የተደረገለት።

መድሃኒቱ ላይ ከባንኮኒው ጀርባ የማየውን ልንገራችሁ። "አንድ ስትሪፕ ስጪኝ፣ ሲነሳብኝ እወስደዋለሁ።" ግፊት ሲነሳ ይታወቀኛል የሚል ሰው ብዙ ነው፣ ራስ ምታት ከሌለ የለም ብሎ የሚያስብ። የልብ ደም ስር ግን ራስ ምታት እስኪመጣ አይጠብቅም፣ እያንዳንዷ ምት ላይ ነው ያለው። ከግፊት መድሃኒቶቹ አምሎዲፒን ቁርጭምጭሚት ሊያሳብጥ ይችላል፣ ኤናላፕሪል ደረቅ ሳል ሊያመጣ ይችላል፣ ያኔ ማቆም ሳይሆን ተመልሶ ሄዶ ማስቀየር ነው። ስታቲን ጉበት ይጨርሳል የሚለው ወሬ ከእውነቱ በጣም የተጋነነ ነው፣ የጡንቻ ህመም ካመጣ ግን ተናገሩ። የግፊቱንና የኮሌስትሮሉን አብሮ ለሚወስድ አንድ ነገር፣ አምሎዲፒን የሚወስድ ሰው ሲምቫስታቲን ከ20 ሚሊግራም በላይ መውሰድ የለበትም፣ ጡንቻውን ሊጎዳው ይችላል፣ በአቶርቫስታቲን በኩል እንዲህ ያለ ገደብ የለም። ለዚህ ነው የምትወስዱትን ሁሉ አንድ ላይ ማሳየት ያለባችሁ። እርጉዝ ወይም ለማርገዝ ያሰበች ሴት ኤናላፕሪል ወይም ስታቲን እየወሰደች ከሆነ ዛሬውኑ ትጠይቅ። ሽፈራው፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ሎሚ... ብሉት ጠጡት፣ ግን በመድሃኒቱ ቦታ አታስገቡት።

ደረት ላይ ተቀምጦ የማይለቅ፣ ላብ ያለው፣ ወደ ግራ ክንድ ወይ ወደ መንጋጋ የሚሄድ ህመም ከመጣ ወተት አፍልቶ መጠጣት የለም፣ ቀጥታ ሆስፒታል፣ በሌሊትም ቢሆን። ሴቶች ላይና ስኳር ያለባቸው ላይ ትንፋሽ ማጠርና ድካም ብቻ ሆኖ ሊመጣ ይችላል።

አጎቴን በመጨረሻ ሆስፒታል ይዤው ሄድኩ፣ ከቴሌቪዥኑ ስር ያለውን ወረቀት ራሴ አውጥቼ። ሐኪሟ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጋ አየቻቸው፣ ቤዛዊት ላይ የሆነውን አስተረከችው፣ ምርመራው ተደርጎ የልብ ደም ስሩ እንደጠበበ ታወቀ። "አባባ ትንሽ ነው ያለዎት ማነው?" ስትለው እኔን ነው ያየው፣ እኔ ያልኩት ይመስል። አሁን አምሎዲፒኑን ጠዋት፣ አቶርቫስታቲኑንና አስፕሪኑን ማታ ከእራት በኋላ ይወስዳል፣ ኤልዲኤሉ በሁለት ወሩ ሲታይ 81 ሆነ፣ ግፊቱ 132 አካባቢ ይዋዥቃል። ጠዋት ጠዋት ከሽምብጥ እስከ ጊዮርጊስ በእግሩ ይመጣል፣ ልጁ ጋ ሲደርስ አሁንም ይለካል፣ ጃኬቱን ግን አውልቆ ነው። ቡናው ላይ ያለው ጨው ገና እየተከራከርንበት ነው።